ሞላ ነብር አልገደለም

ሞላ የሞተ ዕለት ሱቄን የከፈትኩት እንደ ወትሮው ነበር። ገመዴን ሰቅዬ፣ ጆንያዬን ደርድሬ ዘወር ስል የእሱ የቆርቆሮ በር እንደተዘጋ ነው። እኔ ቀድሜው የከፈትኩበትን ቀን አላስታውስም። ጥቂት ቆይቶ የእድራችን ሰው መጣና በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ወረቀቱን ሳላነብ ገባኝ። ተክለ ሃይማኖት፣ እህቱ ቤት፣ እንደተኛ ሳይነቃ ቀርቷል።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። አንባቢው ወጣት ነው፤ ሞላን የሚያውቀው በዝና ነው። «በሰሜን ተራሮች ከነብር ጋር ተናንቆ ነብሩን የጣለ ጀግና» ብሎ አነበበ። እኔ ከሴቶቹ መሀል ሆኜ «ሐሰት ነው» አልኩ። አንባቢው ቆመ። ልጄ ነጠላዬን ጎተተ። እኔ ግን ጀምሬዋለሁ፤ «ሞላ ነብር አልገደለም። ሰባት ጊዜ ነብር አይቶ ሰባቱንም ጊዜ ቀስ ብሎ ወደ ኋላው የሄደ ሰው ነው» አልኩ።

በኋላ ብዙ ሰው ተቆጣኝ። በቀብር ላይ እንዲህ አይደረግም አሉኝ። ቦታውን ካሉ ልክ ናቸው፣ ጥፋቴን እቀበላለሁ። ነገሩን ግን አልመልስም። ሰው ያልሠራውን ሲሰጡት የሠራውን ይቀሙታል። የሞላን ትክክለኛ ነገር የምጽፈው ለዚህ ነው። እግረ መንገዴን የራሴንም ጥፋት እጽፋለሁ፤ የእሱን ያለ እኔ መጻፍ አይቻልምና።

መርካቶ፣ ሸራ ተራ ሲመጣ ሃምሳ አልፎታል፣ አንድ እግሩን ይጎትታል። አገሩ ጃናሞራ ነው። ብዙ ዓመት የፓርክ ስካውት ነበር፤ ጠመንጃ አንግቶ እንግዳ ከተራራ ተራራ የሚያደርስ፣ አውሬ የሚጠብቅ። አንድ ጠዋት ውርጭ አንሸራትቶት ጉልበቱ ተሰበረና ሥራውን ተወ። የእህቱ ባል ሞቶ ሸራ የሚሰፋበት መኪና ያለ ሥራ ተቀምጦ ነበርና እሱ ላይ ተቀመጠ። ለጭነት መኪና ሸራ ይሰፋል፣ ድንኳን ይጠግናል፣ የተበጠሰ ዚፕ ይቀይራል። ሱቁ ከእኔ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል።

መርካቶ ሰው ሁሉ ፈጥኖ ነው የሚናገረው። ሞላ ግን አንተ ተናግረህ እስክትጨርስ ይጠብቃል፤ ከጨረስክም በኋላ ሌላ ነገር ይኖርህ እንደሆነ ብሎ ጥቂት ይጠብቃል። ደንበኞች መጀመሪያ ላይ ጆሮው የማይሰማ መስሏቸው ይጮኹበት ነበር። ተራው ጋሼ ሞላ ይለዋል፤ እኔ በዕድሜ ስለምበልጠው ሞላ እለዋለሁ። ከኋላው «የጅብ አስተማሪ» የሚሉትም ነበሩ። ሰምቶ ይስቃል እንጂ አይከፋም።

ለጥገና የመጣ ድንኳን ሁሉ መጀመሪያ ይሸተታል። ቀዳዳውን ሳያይ፣ ስፌቱን ሳይነካ፣ አፍንጫውን ውስጡ ይከታል። አንድ ሰኞ ሦስት ወጣቶች የተዘነጠለ ድንኳን ይዘው መጡ። አሁን ወጣቱ ሁሉ ሃይኪንግ የሚለው ነገር አለ፣ ቅዳሜና እሁድ ጫካ ያድራሉ። አንደኛው ደረቱን ነፍቶ ጅብ እንደቀደደባቸው፣ እነሱም በጩኸት እንዳባረሩት ያወራል። ሞላ አሽትቶ ቀና አለ።

«ውስጡ ምን በላችሁ?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

«ቱና ነው። ሽንኩርትም አለው።»

አብራቸው ያለችው ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሞላ ድንኳኑን አጥፎ መለሰላቸው። «ጅቡ አልበደላችሁም። ጠራችሁት፣ መጣ። አጥባችሁ አምጡት፣ ከዚያ እሰፋዋለሁ።»

ሳይታጠብ ሰፍቶ አያውቅም። ስንቱ ደንበኛ እየተቆጣ ወደ ሌላ ሰፊ እንደሄደ እኔ ነኝ ምስክሩ።

ልጅቷ ነብር ቢመጣስ ብላ ጠየቀችው። እሱ በቃል ማስረዳት አይወድም። ተነሳ፣ መተላለፊያው ላይ ቆመ፣ ክንዱን ከጎኑ ትንሽ ከፈት አደረገ፣ ዓይኑን ፊት ለፊት አድርጎ በዚያ በሚያነክስ እግሩ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላው መሄድ ጀመረ። እየሄደ ሳለ በርበሬ የተሸከመ ሰው ጀርባውን መታው። «ዞር በል ሽማግሌ!» አለ ተሸካሚው። ሞላ ዘወር ሳይል «ጀርባ አይሰጥም እያልኳቸው ነው» አለው። ተራው በሳቅ ወደቀ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ እግሩን እያየች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እርምጃውን ትቆጥራለች።

ደጋግሞ የሚላቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። «መፍራት ጥሩ ነው፤ መሮጥ ነው መጥፎው» ይላል። «የሚነክስ እንስሳ መውጫ ያጣ እንስሳ ነው» ይላል። ሌላው ትምህርቱ በሙሉ ከእነዚህ የሚወጣ ነው፦ ወደ ውሃ በሚወስድ የአውሬ መንገድ ላይ ድንኳን አትትከል፤ ግልገል ያላትን እናት ከግልገሏ አትለይ፤ ዝንጀሮ አታብላ፤ ጅብ ቆዳ ይወዳልና ጫማህን ውጭ አታሳድር፤ ምግብህን ከመኝታህ መቶ እርምጃ አርቀህ ዛፍ ላይ ስቀል።

ይቺ የመጨረሻዋ ናት እኔን የጣለችኝ።

የልጅ ልጄ ቤዛ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የሞላ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ ስትሰማ ስትሰማ አንድ ቀን የተራውን ልጆች ይዘን እንውጣ አለች። ሞላ እሺ አለ። ወላጆች ግን አመነቱ። አብዛኞቹ ልጆች ከመርካቶ ወጥተው አያውቁም። የጫኝና አውራጁ የታደሰ ልጅ ምሕረት አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷት ከተክለ ሃይማኖት አልፋ አልሄደችም። በመጨረሻ ስለ እኔ «እትዬ ዘነበች ከሄደች ይሂዱ» ተባለ። እኔ ባለሁበት ማንም የማንንም ድርሻ እንደማይነካ ተራው ያውቃል። ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

ከጥምቀት በኋላ በአንድ ቅዳሜ ወደ መናገሻ ጫካ ሄድን። አሥራ ሁለት ልጆች፣ ሞላና እኔ። መንገዱ ጠመዝማዛ በሆነ ቁጥር ሞላ ያስጨበጭበናል፣ አውሬው መምጣታችንን አውቆ ዘወር እንዲል። ጉሬዛ አየን፣ ድኩላ አየን። ምሕረት ጉሬዛውን ስታይ ካባ የለበሰ ቄስ ይመስላል ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

ምሳ ላይ ግን ያየሁት ነገር አናደደኝ። ምግቡ ሁሉ አንድ ላይ ነው፤ ትልልቆቹ ወንዶች እጃቸው ፈጣን ነው። ምሕረት አፍራ ከኋላ ቆማ ሳለ ሳህኑ አለቀ። የደረሳት የእንጀራ ጠርዝ ነው። እኔ በቦርሳዬ የተጠበሰ ቋንጣ ይዣለሁ። ይሄን የጋራው ምግብ ጆንያ ውስጥ ብከተው ነገም ይኸው ነው አልኩ በልቤ። በእጄ ይዤ፣ ጠዋት ከትንሿ ጀምሬ ራሴ አካፍላለሁ አልኩ።

ሳይመሽ ሞላ የእያንዳንዱን ልጅ ቦርሳ ፈተሸ። ከአንዱ ብስኩት አወጣ፣ ከሌላው ኦቾሎኒ። ሁሉን በጆንያ አስሮ ርቆ ሄዶ ዛፍ ላይ ሰቀለው። የእኔ ቦርሳ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ቦርሳውን አየ፣ እኔን አየ።

«እትዬ፣ የእርስዎም ምግብ ጆንያው ውስጥ ገብቷል አይደል?»

«ገብቷል» አልኩ።

አንገቱን ዝቅ አድርጎ አለፈ። በእኛ አገር የትልቅ ሰው ቦርሳ ማን ይከፍታል? ውሸቴንም እንደ ውሸት አልቆጠርኩትም ነበር። እኩል ለማካፈል ብዬ ነው የያዝኩት። ማታ ቦርሳዬን እንደ ልማዴ ከራስጌዬ አድርጌ ተኛሁበት። የመርካቶ ሰው እንዲህ ነው የሚተኛው። ንግድ ስጀምር ከጆንያዬ ላይ ነበር የማድረው፤ ከራስጌህ የራቀ ዕቃ የሌላ ሰው ነው ብለው ነው ያሳደጉን።

ድንኳኑ ውስጥ እኔ፣ ቤዛና ምሕረት ነን። ሊነጋጋ ሲል ነቃሁ። አንድ ነገር ይተነፍሳል። ትንፋሹ ከሸራው ማዶ ጆሮዬ ሥር ነው፣ ግማቱም ገብቷል። ከዚያ ሸራው ተቀደደ። ቦርሳው ከራሴ ሥር ወጣ፤ እንደ ሌባ አልሞጨለፈውም፣ የገዛ ዕቃውን እንደሚወስድ ባለቤት ረጋ ብሎ ጎተተው። ቤዛ ክንዴን ጨብጣ ደረቀች። ምሕረት ግን በወዲያኛው በር ወጥታ ሮጠች። ወዲያው ስትወድቅ ሰማሁ፣ ከዚያ ጩኸቷን።

ስንወጣ ሞላ ቆሟል። አልጮኸም። ሱቁ ውስጥ በሚናገርበት ድምፅ «ማንም አይሩጥ። ባትሪያችሁን አብርታችሁ ወደ እኔ ተሰብሰቡ» አለ። ጅቡ ቦርሳዬን ነክሶ ቆሟል። ምሕረት ከእሱ ጥቂት እርምጃ ርቃ ድንጋይ ሥር ወድቃለች። እኔ ዱላዬን ይዤ ቀጥታ ልሄድበት ስል ሞላ በእጁ ከለከለኝ። እሱ ወደ ጅቡ አልሄደም። በጎን በኩል ዞረ፣ እያነከሰ፣ ቀስ ብሎ፤ ጫካው ከጅቡ ጀርባ ክፍት እንደሆነ እንዲቆይ ነው። ልጅቷ ዘንድ ደረሰና በላይዋ ቆመ። ከዚያ ሰው እንደሚያናግር «ሂድ። መንገድህ ክፍት ነው» አለው። ጅቡ ጥቂት አየው፣ ዞረና ቦርሳዬን ይዞ ሄደ።

ጅቡ ማንንም አልነካም። የምሕረት የእጅ አንጓ ግን ስትወድቅ ተሰብሯል። በዚያው ጠዋት ሐኪም ቤት አደረስናትና በጀሶ ታሰረ።

ተራው ጮኸ። ወላጆች በእድሩ አዳራሽ ተሰብስበው ሞላን አቆሙት። የጅብ ጉድጓድ አፍ ላይ አሳደረብን ያለ አለ። ጉልበት የሌለው ሰው ልጅ ይዞ ምን ያደርጋል ያለም አለ። ሞላ ሁሉም እስኪጨርሱ ጠበቀ፤ ከጨረሱም በኋላ ጠበቀ። ከዚያ ያደርንበት ቦታ ትክክል እንደነበር፣ ግን ኃላፊው እሱ ስለሆነ ጥፋቱም የእሱ እንደሆነ፣ ሳይፈትሽ ያለፈው ነገር እንዳለ ተናገረ። ምንድን ነው አሉት። «እሱ የእኔ ነው» አለ። ወደ እኔ አላየም። ከዚያ በኋላ ልጅ ይዞ እንዳይወጣ፣ ልጆችም ሱቁ እንዳይቀመጡ ተወሰነ።

እኔስ? ዝም አልኩ። ለአንዲት ጣሳ ጉድለት ተራውን የማናውጥ ሴት ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጠሁት። ለልጅቷ ብዬ ነው አልኩ። ጅብ ቋንጣ ባይኖርም ይመጣ ነበር አልኩ። ሥራው ሲቀንስ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ፤ የስፌት መኪናው ጠዋት ጥቂት ይጮኻል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ለእህቱ ወደ አገሬ ልመለስ ነው እንዳላትም ከቤዛ ሰማሁ። ቤዛ እያለቀሰች ነበር የነገረችኝ።

በማግስቱ ሱቁ ገባሁ። የተቀደደው ድንኳን ጥግ ላይ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል። ምን ማለት እንዳለብኝ አጥቼ፣ ይሄን ለምን አልሰፋኸውም አልኩት።

«አልታጠበማ፣ እትዬ» አለ።

ቆምኩ። ለካ የቋንጣዬን ሽታ የመጀመሪያ ቀን ነው ያሸተተው። ድንኳኑን አንስቼ ቤቴ ወሰድኩት። ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብኩት፣ አሰጣሁት፣ ሲደርቅ አጥፌ አመጣሁለት። ተቀብሎ አሸተተ፣ መርፌውን አስተካከለ። በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«እያወቅክ ለምን አልተናገርክም?»

«መውጫ ልተውልዎት ብዬ ነው።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ጥግ ካስያዝኩዎት ደግሞ ይነክሱኛል።»

ሳቅኩ። ስስቅ እንባዬ መጣ። እሱ መኪናውን እየረገጠ ወደ እኔ አላየም፤ ያንንም መውጫ ተወልኝ።

የዚያን ሳምንት እሁድ አዳራሹ እንዲሰበሰብ አስጠራሁ። ታደሰ እንደ ተሸካሚ ልማድ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው የቆመው። ወደ ፊት መጥቶ እንዲቀመጥ አደረግሁ፤ ፊቱን ሳላይ ልናገር አልፈለግሁም። ከዚያ ነገርኳቸው። ቋንጣውን፣ ውሸቴን፣ ራስጌዬን፣ ሦስቱን ሳምንት። አንድም አላስቀረሁም። ሚዛኑን ያስተካከልኩበት አንድ በርበሬ ነጋዴ «እትዬ ዘነበችም?» አለ፣ የደስታ በሚመስል ድምፅ። ይገባኛል፣ ዋጥኩት።

ታደሰ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ቋንጣው ለማን ነበር?»

«ጠዋት ከምሕረት ልጀምር ነበር።»

እጆቹን አየ። ገመድ የበላቸው እጆች ናቸው። «እንግዲያው የተሰበረችው እሷ ናት፣ እሷ ትናገር» አለ።

ምሕረትን አስጠሯት። ጀሶዋ ላይ ልጆች ስማቸውን ጽፈውበታል። በሰው መሀል መናገር ትፈራለች፤ ወደ ሞላ ብቻ እያየች ነው የተናገረችው። ድጋሚ መሄድ እፈልጋለሁ አለች። ሲሄዱ ቦርሳ የምትፈትሸው እሷ ትሁን። ስትፈትሽም ከትልቅ ሰው ትጀምር።

የእድሩ ሰብሳቢ ሞላ የሚለው እንዳለ ጠየቀው። ሞላ ተነሳ። እኔ ጥፋተኛ ነኝ ስላልኩ እሱ ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ ተናገረ። «ጅቡን ሳልፈራ እትዬ ዘነበችን ፈራሁ። እንዲህ ያለ መሪ ልጅ ሊሰጠው አይገባም፤ ካስተማራችሁት ግን ይማራል» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ውሳኔው በዚያው ሳቅ ውስጥ ነው የተነሳው፣ ማንም እጅ ያወጣ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ወጥተናል። ሞላ እየደከመ ሲሄድ ከጫካው ግርጌ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ፣ ልጆቹን ቤዛ ትወስድ ነበር። አሁን ምሕረት ናት የምትመራቸው። ባለፈው ወር ሃያ አራት ልጅ ይዛ ሄዳ ሃያ አራቱንም መልሳለች፤ ሁሉንም ቆማ ስትቆጥር አይቻታለሁ። ግን የዚያን የሁለተኛውን ጉዞ ነገር ልጨርስ።

ፋሲካ አልፎ፣ ጀሶው ከወለቀ በኋላ፣ እዚያው ጫካ ሄድን። ሳይመሽ ምሕረት ፊቴ መጥታ ቆመች። ቦርሳዬን ራሴ ከፍቼ ሰጠኋት። ነጠላ፣ ሹራብ፣ ባትሪ፣ መቁጠሪያዬ። ሁሉን አየች፣ ሁሉን አሸተተች፣ መልሳ አስገባች። እፎይ ልል ስል ግን አልሄደችም። አፍንጫዋ ከፍ ከፍ እያለ መጣና ሻሼ ላይ ቆመ።

«እትዬ» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «ራስዎ።»

ለጉዞው ብዬ ዓርብ ማታ ቅቤ ተቀብቼ ነበር። ለጋ ቅቤ ነው፣ ኮሰረት ያለበት። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሞላ ፊቱን ወደ ዛፍ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን ይታየኛል። ይሄማ ምግብ አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ፣ ልጅቷን አየኋትና ዘጋሁት።

ከወንዙ በጀሪካን ውሃ ቀድታ፣ ወንዙ እንዳይቆሽሽ ራቅ አድርጋ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። በዚያች በተሰበረችው እጇ ነው የምታፈስልኝ። የደጋ ውሃ ነው፣ አጥንት ይገባል።

«በረደዎት?»

«ዝም ብለሽ አፍስሺ።»

ሦስት ጊዜ አስታጠበችኝ። ሦስተኛውን አሽትታ በቃ አለች። በሹራቤ ራሴን ጠምጥሜ፣ ከራስጌዬ ምንም ሳይኖር፣ ቤዛና እሷ መሀል ተኛሁ። ማታ ጅቡ ከሩቅ ጮኸ። ምሕረት እጄን ያዘች፤ ግን አልተነሳችም። እኔም አልተነሳሁም። ጩኸቱ ወደ ቁልቁለቱ ሄደና ጠፋ።

ጠዋት ሞላ ወስዶ ዱካውን አሳየን። ጅቡ ከድንኳኖቹ በታች ባለው መንገድ አልፏል። የትም አልቆመም፣ ወደ እኛም አልዞረም። ምሕረት ተንበርክካ በጣቷ አንዱን ዱካ ዙሪያውን ለካች፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ቀጣዩን።

«እኛን አልፈራንም እንዴ፣ ጋሼ?» አለችው።

«ምን ያስፈራዋል» አለ ሞላ። «እርምጃውን እይው፣ እኩል ነው። ከእኛ ጋር ጉዳይ አልነበረውም።»